የሞተር መጋዝ አጸዳድ፦ ቅባቱ ይልቀቅ፣ ቀለሙ ይቆይ

ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ የከረመ የሞተር መጋዝ የጎን ክዳኑ ሲከፈት ውስጡ የሚታየው ተራ እድፍ አይደለም። እርጥብ ሰጋቱራ፣ የሰንሰለት ዘይትና የዛፉ ፈሳሽ ተለውሰው በሞተሩ ሙቀት ተጋግረው ተለጥፈዋል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ መጀመሪያ ቤንዚን ይደፋበታል፤ አልለቅ ሲለው ቲነር ያመጣል፤ በመጨረሻ የሽቦ ብሩሽ ያነሳል። እድፉ እርግጥ ይለቃል፤ ቀለሙም አብሮት ይሄዳል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የተራቆተው ብረት ነጭ ዱቄት ያወጣል፣ ብርቱካናማው ፕላስቲክ ይደበዝዛል፣ ጎማዎቹም ያብጣሉ።

ችግሩ መጋዙ ከአንድ ነገር አለመሠራቱ ነው። በእጅ በሚያዝ አንድ ዕቃ ላይ ቢያንስ አራት ዓይነት ነገር ተገጣጥሟል፤ አንዱን የሚያጸዳው ፈሳሽ ሌላውን ይበላዋል። ስለዚህ ከሳፋና ከብሩሽ በፊት እያንዳንዱ ክፍል ከምን እንደተሠራ መለየት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ክፍሎቹን መለየት

ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ለዚህ ይበቃል። ባሩ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅሙ ብረት)፣ ሰንሰለቱ ራሱ፣ የፍሪሲዮኑ ታምቡር (ሰንሰለቱን የሚያዞረው ክብ ብረት)፣ ማርሚታው (የጭስ ማፈኛው) እና ቡሎኖቹ ማግኔት ይይዛሉ፤ ብረት ናቸው። ማግኔት የማይዙት፣ ግን በእጅ ሲነኩ ቀዝቀዝ የሚሉት ቀላል ብረቶች ናቸው። እንደ ሽቲልና ሁስክቫርና ባሉ የባለሙያ መጋዞች ላይ ሞተሩን የሚሸከመው ካርተር ብዙውን ጊዜ ከማግኒዚየም ቅይጥ ይሠራና በላዩ ቀለም ይቀባል። ክንፍ ክንፍ ያለው ሲሊንደር አልሙኒየም ነው። ለቤት አገልግሎት በሚሸጡት ርካሽ መጋዞች ላይ ካርተሩም ፕላስቲክ ሊሆን ስለሚችል በጥፍራችሁ ቆርቆር አድርጋችሁ ድምፁን ስሙት።

አሁን የሁሉንም ጠላት እንወቅ። ማግኒዚየም አሲድ አይችልም። ቀለሙ በተፋቀበት ቦታ ላይ ሎሚ ወይም አቼቶ ጠብ ብታደርጉ ወዲያው አረፋ ያወጣል፤ አረፋው ሃይድሮጂን ነው፣ ብረቱም እየተበላ ነው። ለዝገት ይሆናል ተብሎ የሚመከረው የሎሚና የጨው ድብልቅ ካርተሩ አጠገብ ድርሽ እንዳይል።

አልሙኒየም ደግሞ የሚፈራው ተቃራኒውን፣ ኮስቲክ ሶዳን ነው። ሳሙና ለመሥራት የሚሸጠው ኮስቲክ ሶዳ የሲሊንደሩን ክንፎች ያጠቁራል፣ ሲቆይም ያሳሳል። የምድጃ ቅባት ማስለቀቂያ ተብለው የሚሸጡ ብዙ ስፕሬዎች ውስጣቸው ይኸው ሶዳ ስላለ ጀርባቸው ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ አትርጩ። ቀለም ያለበት ቦታ ላይ ሲያርፉ ቀለሙንም ያስነሱታል።

ፕላስቲክ በቲነርና በአሴቶን ወዙን ያጣል፣ አንዳንዱም ይጣበቃል። ንዝረት የሚያበርዱት ጎማዎች ቤንዚን ውስጥ ከቆዩ ይለሰልሳሉ፤ ከዚያ በኋላ መጋዙ በእጅ ላይ ይዋልላል። በረኪና ለአንዳቸውም አይሆንም፤ ቅባት አይፈታም፣ ብረት ግን ያዝጋል።

ምን እናዘጋጅ?

ዋናው ፈሳሽ ላምባ (ነጭ ጋዝ) ነው። ዘይትና ግሪስን በደንብ ይፈታል፤ የፋብሪካ ቀለምና የመጋዝ ፕላስቲክ ላይ ለአጭር ጊዜ ቢያርፍ አይጎዳም። ናፍጣም ይሠራል፣ ግን ቅባታም ሆኖ ስለሚቀር ሌላ ማጽዳት ያስከትላል። ቤንዚን የማልመክረው በጎማው ብቻ አይደለም። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ላይ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ያወጣል፤ ላምባ ግን ለዚያ ከ38 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። ያም ሆኖ ላምባም ነዳጅ ነው፤ ሥራው ደጅ ይሁን፣ ከሰል የተያያዘበት ምድጃና ሲጋራ በአቅራቢያው አይኑር።

ሁለተኛው ላርጎ ነው፤ ለብ ባለ ውሃ ላይ ጥቂት ጠብታ። ኦሞ በባሕሪው ጠንከር ያለ ስለሆነና በክፍተቶች ውስጥ ዱቄቱ ስለሚቀር ለብረቱ ባር ብቻ አስቀሩት። ሦስተኛው አልኮል ነው፤ በብዛት የሚያስፈልገው ለዛፍ ሙጫ ነው። የፈረንጅ ጥድ የሚቆርጥ ሰው ያለ አልኮል አይዘልቅም፤ ባሕር ዛፍ ብቻ የሚቆርጥ ግን ለታምቡሩና ለፍሬኑ ያህል ጥቂት ይበቃዋል።

ከመሣሪያ፦ አንድ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ ሁለት አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ያረጀ የባንክ ካርድ፣ የጆሮ ጥጥ፣ እራፊ ጨርቅ፣ ጓንት፣ ሁለት ሳፋ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የቀርከሃ ፍላጭ። ጫፉን እንደ መሮ አሹሉት፤ የተጋገረ ሰጋቱራ ለመንቀል በቂ ጥንካሬ አለው፣ ቀለም ላይ ግን መስመር አያወጣም። ካቻቪቴ ለዚህ ሥራ አታንሱ። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ቪምም እንደዚሁ ይቅሩ።

ስለ ሽቦ ብሩሽ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ከቀለም መፋቅ ያለፈ አደጋ አለው። በግራይንደር ወይም በድሪል ላይ የሚገጠመው የሽቦ ጎማ የማግኒዚየም ካርተር ላይ ሲሽከረከር የሚያወጣው ብናኝ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው፤ ከብረት የሚወጣ ብልጭታ ይበቃዋል። በዚያ ላይ የማግኒዚየም እሳት ውሃ ሲደፉበት ይብሳል። ካርተሩን "አንጸባራቂ አደርገዋለሁ" ብሎ ሽቦ ጎማ የሚያነሳ ሠራተኛ ካያችሁ መጋዛችሁን ተቀበሉት።

ከመፍታት በፊት

ሞተሩ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። የጋለ ማርሚታ ላይ ላምባ መጣል እሳት መጥራት ነው፤ የጋለ ሲሊንደር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ከዚያ ነዳጁን ወደ ዕቃው ገልብጡት፣ የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ፣ የነዳጅና የዘይት ክዳኖቹን በደንብ ዝጉ።

ክዳን ከመክፈታችሁ በፊት የፊት መከላከያውን ወደ እጀታው ስባችሁ የሰንሰለቱን ፍሬን ልቀቁ። ፍሬኑ እንደተያዘ የጎን ክዳኑን ከፈታችሁ፣ በተለይ ፍሬኑ ክዳኑ ውስጥ ባለበት መጋዝ፣ መልሶ መግጠም ያስቸግራል።

ሽቲል ላይ የባሩ ዳዶዎች አብዛኛውን ጊዜ 13 ሚሊሜትር ናቸው፤ ካንዴላው በ19 ይፈታል፤ አብሮት የሚመጣው መፍቻ ሁለቱንም ይዟል። የቀሩት ቡሎኖች በብዛት ኮከብ ጭንቅላት ያላቸው ቲ27 ናቸው። ኮከቡ ውስጥ ሰጋቱራ ተጠቅጥቆ ከሆነ በመርፌ ጫፍ አውጡት፤ መፍቻው እስከ ታች ካልገባ ይበላዋል።

የላይኛውን ክዳንና ፊልትሮውን (የአየር ማጣሪያውን) ስታነሱ የካርቡራተሩን (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል) አፍ ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ድፈኑ። ማርሚታውን የምታወርዱ ከሆነም የጭስ መውጫውን ቀዳዳ እንዲሁ። ጨርቁ ደማቅ ቀለም ያለው ይሁን፣ ጫፉም ወደ ውጭ ይንጠልጠል፤ በመጨረሻ እንዳይረሳ። የሲሊንደሩ ውስጠኛ ግድግዳ በብዙ መጋዞች ላይ በስሱ ኒኬል የተለበጠ ነው። ካርተሩ ሲጠረግ የገባ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት በፒስቶኑና በዚያ ልባጭ መካከል ስትመላለስ የምታደርሰው ጉዳት ከማንኛውም የቀለም ጭረት ይከፋል።

የሚጎተተውን ገመድ የያዘውን ክዳን ከነገመዱ እንደ አንድ ዕቃ አውጡት እንጂ ውስጡን አትፍቱ። ውስጡ ተወጥሮ የተጠቀለለ ስፕሪንግ አለ፤ ፈንጥሮ ከወጣ ፊት ይመታል፣ መልሶ ማስገባቱም የቀን ሥራ ነው።

በደረቁ መጀመር

ሰው የሚቸኩለው እዚህ ነው። ሰጋቱራው ላይ ፈሳሽ ቀድሞ ከገባ ጭቃ ይሆንና በየክንፉና በየቡሎኑ ሥር ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚረግፈው ሁሉ በደረቁ ይርገፍ። የፍሪሲዮኑ አካባቢ ያለውን ድፍን ክምችት በቀርከሃው ጠርዙን ቀስ ብላችሁ አንሱት፤ ብዙ ጊዜ እንደ ምንጣፍ ቁራጭ ሆኖ ባንድ ላይ ይነሳል። ዘይቱ ከመጋዙ ወደ ባሩ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ ዙሪያ ስትደርሱ ግን አቅጣጫ ቀይሩ፤ እድፉን ከቀዳዳው ወደ ውጭ ጎትቱ እንጂ ወደ ውስጥ አትግፉ።

የሲሊንደሩን ክንፎች በአንድ ጎን ብቻ ማየት አይበቃም። ማቀዝቀዣው አየር የሚገባው ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው፣ አየር የሚነፋው ጎማ) ካለበት በኩል ስለሆነ የሚደፈነው ከእኛ ዓይን የተሰወረው ጥግ ነው። በክንፎቹ መካከል ስስ የቀርከሃ ስንጥር አስገቡና በሌላ ወገን ብርሃን እስኪታይ ድረስ ጥረጉ። ይህ ለውበት ብቻ አይደለም፤ ክንፎቹ የታፈኑ ሞተር ይግልና ፒስቶኑን ይይዛል።

ኮምፕረሰር ካላችሁ ግፊቱን ወደ 2 ባር (የግፊት መለኪያ አሃድ) አውርዱ፣ መነጽር አድርጉ፣ አየሩንም ከቮላኖው ወገን ወደ ውጭ ንፉ። ካርቡራተሩ ላይ፣ የኩሽኔታዎቹ ላስቲክ ላይና ቮላኖው በሚሽከረከርበት አቅጣጫ በቀጥታ አትንፉ። ከቮላኖው አጠገብ ያለችውን፣ ለካንዴላው እሳት የምትሰጠውን ጥቅል ቡሎኖች ደግሞ አትንኩ፤ በጥቅሏና በቮላኖው መካከል ያለው ክፍተት ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ አንዴ ከተነካ ተለክቶ ነው የሚመለሰው። ቮላኖው ማግኔት ስለሆነ የብረት ብናኝ ይሰበስባል፤ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት።

የመኪና እጥበት ቤት ወስዶ በግፊት ውሃ ማስመታት የብዙዎች አቋራጭ ነው፤ አምራቾቹ በመመሪያቸው በግልጽ የሚከለክሉት ነገር ነው። ውሃው ኩሽኔታ ውስጥ፣ ካርቡራተር ውስጥ፣ የካንዴላ ገመድ ሥር ይገባል፤ ስቲከሮቹም በአንድ ዙር ይላጣሉ። ሲወጣ ያምራል፣ ሲነሳ አይነሳም።

ሙከራ በጥጥ

ማናቸውንም ፈሳሽ ዓይን ላይ በሚውል ቦታ ከመጠቀማችሁ በፊት የጎን ክዳኑ የሚሸፍነው፣ የማይታይ ጥግ ላይ ሞክሩ። የጆሮ ጥጡን አርጥቡ፣ ቦታውን ለጥቂት ሰከንድ እሹት፣ ከዚያ ጥጡን ብርሃን ላይ ተመልከቱ። ጥቁር ወይም ቡኒ ከሆነ የወጣው እድፍ ነው። ብርቱካናማ፣ ግራጫ ወይም ነጭ ከሆነ ግን ቀለሙ እየወጣ ነውና ያንን ፈሳሽ ለዚያ ክፍል ተዉት። ከዚያም ቦታውን በጣታችሁ ዳስሱት፤ ካጣበቀ ፕላስቲኩ ወይም ቀለሙ እየቀለጠ ነው። አሮጌ መጋዝ ላይ ይህ ሙከራ ግድ ነው፣ ምክንያቱም ከዓመታት በፊት ማን በምን ቀለም ደግሞ እንደቀባው አይታወቅም። በቆርቆሮ ስፕሬ የተቀባ ቀለም የፋብሪካው የሚችለውን አይችልም።

ካርተሩ፦ ላምባ ቀቡና ጠብቁ

ላምባውን በብሩሽ ቀቡ እንጂ አታፍስሱ። የተጋገረው ቦታ በደንብ እስኪረጥብ ተቀብቶ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆይ፤ እየደረቀ ከሆነ ድገሙት። በዚህ ጊዜ ባሩን ወይም ፊልትሮውን ሥሩ። ስትመለሱ መጀመሪያ ጠንክሮ የነበረው እድፍ በጥርስ ብሩሽ ብቻ ይነሳል። ካልተነሳ መልሱ ጠንከር ያለ ብሩሽ ሳይሆን ሌላ 15 ደቂቃ ነው። የቀለም ጭረት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ገና ያልለሰለሰ እድፍ ከነአሸዋው ሲፈተግ ነው፤ አሸዋው ራሱ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ስለዚህ ብሩሹን በየጥቂት ምቱ ላምባ ውስጥ አጥባችሁ መልሱ፣ ጨርቁንም ንጹሑን ወገን እያዞራችሁ ተጠቀሙ።

ላምባ እምቢ የሚለው አንድ እድፍ አለ። ለሰንሰለቱ የምግብ ዘይት የሚጠቀም ሰው መጋዝ ላይ ቢጫ፣ መስተዋት የመሰለ ንጣፍ ታገኛላችሁ። ኑግም ሆነ ተልባ በአየርና በሙቀት የሚደርቅ ዘይት ነው፤ ከደረቀ በኋላ ዘይት መሆኑ ቀርቶ እንደ ቫርኒሽ ይሆናል። ይህን በላርጎና ለብ ባለ ውሃ የራሰ ጨርቅ ለግማሽ ሰዓት ሸፍኑት፣ ከዚያ በባንክ ካርዱ ጠርዝ ገፉት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም ይጠይቃል። የጥድ ሙጫ ከሆነ ደግሞ አልኮል በጥጥ ላይ፣ ሙጫው ላይ ብቻ።

ቅባቱ ከለቀቀ በኋላ የቀረውን ላምባ በላርጎ ውሃ በረጠበ (በሚንጠባጠብ አይደለም) ጨርቅ አውጡ፣ በንጹሕ ውሃ በረጠበ ሌላ ጨርቅ ድገሙት፣ ወዲያው አድርቁ። በቀለሙ ጭረት ላይ ነጭ ዱቄት ካያችሁ ማግኒዚየሙ መበላት ጀምሯል ማለት ነው። በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ዱቄቱን አራግፉ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ ሲደርቅ ስስ ፕራይመርና ሁለት ስስ ቀለም ቀቡ። ፕራይመሩን ስትገዙ ለአልሙኒየም የሚሆን ብላችሁ ጠይቁ፤ ለበርና ለመስኮት ብረት የሚቀባው ቀዩ አንቲረስት እዚህ ላይ በደንብ አይይዝም።

ፕላስቲኮቹና ስቲከሮቹ

የላይኛው ክዳን፣ የጎን ክዳኑና ገመድ የሌለበት ሽፋን ሁሉ ከመጋዙ ላይ ስለተነሱ ሳፋ ውስጥ መታጠብ ይችላሉ። ቅባታቸውን መጀመሪያ በላምባ ጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ ለእጅ በሚመች ለብ ባለ ውሃና ላርጎ በስፖንጅ እጠቡ። የፈላ ውሃ ፕላስቲክ ያጣምማል። ስቲከር ያለበትን ክፍል ዘፍዝፋችሁ አትተዉት፤ የስቲከሩ ላይ ጽሑፍ አልኮል አይወድም፣ ጠርዙ ደግሞ በብሩሽ ሲፈተግ ይነሳል። ከመሐል ወደ ጠርዝ በጨርቅ ብቻ ጥረጉት። ጥላ ላይ አድርቁ፤ ብርቱካናማው ቀለም የሚገረጣው በፀሐይ ነው።

የገረጣን ፕላስቲክ ለማሳመር ሲሊኮን ስፕሬ የሚቀቡ አሉ። ክዳኑ ላይ ያምራል። እጀታውና የፊት መከላከያው ላይ ግን ፈጽሞ አይቀባ፤ የሚያንሸራትት መጋዝ ይዞ ዛፍ ሥር መቆም የለም።

ባሩና ሰንሰለቱ

ባሩ ብረት ስለሆነ ትንሽ ጨከን ማለት ይቻላል። ቦዩን በአሮጌ የብረት መጋዝ ምላጭ ጀርባ ጥረጉ፣ የዘይት መግቢያ ቀዳዳዎቹን ክፈቱ፣ ጫፉ ላይ ያለውን ጥርሳም ጎማ በላምባ አጥባችሁ በነፃነት መዞሩን እዩ። መልሳችሁ ስትገጥሙ የላዩን ወደ ታች ገልብጡት፤ እኩል ያልቃል።

ባሩ ላይ ላምባም ላርጎም ያላነሱት ሰማያዊ ጥቁር ነጠብጣብ ከቀረ ዘይት አይደለም። የባሕር ዛፍና የግራር ፈሳሽ ታኒን አለው፤ ታኒን እርጥብ ብረት ሲነካ እንደ ቀለም ያጠቁረዋል። ጉዳት የለውም፤ ተዉት። እሱን ለማስለቀቅ ሲታገሉ የባሩን ቀለም የሚጨርሱ ብዙ ናቸው።

ሰንሰለቱን ለጥቂት ሰዓት ላምባ ውስጥ ዘፍዝፉ፣ በጥርስ ብሩሽ ጥረጉ፣ አንጠልጥላችሁ አድርቁ፣ ከዚያ በሰንሰለት ዘይት ውስጥ አሳድሩት። የቆራጩ ጥርስ ውጭ በስሱ ክሮም የተለበጠ ነው፤ ስለቱ የሚቆየው በእሱ ነው። ብርጭቆ ወረቀትም አሲድም ያንን ያነሱታል። ውሃ ውስጥ ያደረ ሰንሰለት ጠዋት ዝጎ ይገኛል።

ፊልትሮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካርቡራተር፣ ማርሚታ

የወንፊት ዓይነቱ ፊልትሮ በላርጎ ውሃ ይታጠባል፤ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አይገጠምም። በአየር ከተነፋ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። እንደ ከፋይ ጸጉራም የሆነው በብሩሽ አይነካም፤ የወረቀቱ ዓይነት ደግሞ መታ መታ ተደርጎ ይራገፋል እንጂ አይረጥብም። ፊልትሮን በቤንዚን ማጠብ ልማድ ሆኗል፤ ማጣበቂያውን ይፈታዋል።

ፍሪሲዮኑን ለማጽዳት መፍታት አያስፈልግም። ታምቡሩን የያዘችውን ቀለበት አውጥታችሁ ታምቡሩን ካነሳችሁ ይበቃል። ታምቡሩንና የፍሬኑን ቀበቶ በላምባ ሳይሆን በአልኮል ጨርቅ ጥረጉ፤ ቅባት ከቀረበት ፍሬኑ ይንሸራተታል። ከታምቡሩ መሐል ያለችውን ትንሽ ኩሽኔታ ጠርጋችሁ አዲስ ግሪስ ንኩ፣ ጥቂት ብቻ።

ካርቡራተሩን ከውጭ፣ ላምባ በነካው ጨርቅ። ውስጡ ስስ የጎማ ሽፋኖች ስላሉት የካርቡራተር ስፕሬ መንፋት ወይም እንዳለ መዘፍዘፍ ያበላሻቸዋል።

ማርሚታው ጥቁር፣ ሙቀት የሚችል ቀለም ነው ያለው። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት፣ ላምባ ካስነካችሁ አንድም ጠብታ ሳይቀር አድርቁት። ዙሪያው በእርጥብ ጥቁር ዝቃጭ የተሞላ ከሆነ ግን ችግሩ ያለው ነዳጁ ላይ ነው። ጥሩ የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊሊትር፣ ማለትም 1 ለ50 ነው የሚገባው፤ "ይጠንክር" እየተባለ የሚጨመረው ዘይት ነው ማርሚታ ላይ የሚወጣው።

ከገጠማችሁ በኋላ

የቆሸሸውን ላምባ አትድፉት። በክዳናም ጠርሙስ አስቀምጡት፤ በአንድ ሁለት ቀን ዝቃጩ ታች ይወርድና የላዩ ጠርቶ ለሚቀጥለው ጊዜ ይሆናል። ዝቃጩን የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡ፤ ቦይ ውስጥ አይፍሰስ። የምግብ ዘይት ያስለቀቃችሁባቸውን ጨርቆች ግን ጠቅልላችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ፤ እንደ ተልባ ያለ የሚደርቅ ዘይት በተከመረ ጨርቅ ውስጥ ራሱ ሙቀት እየፈጠረ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ደጅ አድርቋቸው።

እድፉ ቶሎ እንዳይመለስ ከሚረዱት ሁሉ ዋናው ዘይቱ ነው። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ለሰንሰለት የሚጠቀሙ ብዙ ናቸው፤ ርካሽ ስለሆነ ይገባኛል። ግን ለሰንሰለት የተሠራው ዘይት የሚጣበቅ ነገር ስላለው ባሩ ላይ ይቆያል፤ የተቃጠለው ይረጫል፣ የሚረጨውም ካርተሩና ልብሳችሁ ላይ ነው። ውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ደግሞ የዘይት ፓምፑን ይበላል። በየቀኑ ሥራ ሲያልቅ የጎን ክዳኑን ከፍቶ ሰጋቱራውን ገና እርጥብ ሳለ በብሩሽ ማራገፍ ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል፤ ካደረ ይጋገራል።

ጨርቆቹ ከካርቡራተሩና ከጭስ መውጫው መውጣታቸውን አረጋግጡ፣ ፊልትሮውን ግጠሙ፣ የካንዴላውን ገመድ መልሱ፣ የፊት መከላከያውን ወደፊትና ወደኋላ እያደረጋችሁ ፍሬኑ መያዙንና መልቀቁን እዩ። ነዳጅና የሰንሰለት ዘይት ሙሉ። ከዚያ ደጅ ላይ አስነሱት፤ የመጀመሪያው ደቂቃ ላይ ትንሽ ጭስ ቢወጣ የቀረ ላምባ ነው። መጨረሻ ላይ የባሩን ጫፍ ከነጣ ካርቶን 20 ሴንቲሜትር ያህል አርቃችሁ ያዙና ነዳጁን ከፍ አድርጋችሁ ለአንድ ደቂቃ ያህል አሽከርክሩት። ካርቶኑ ላይ ስስ የዘይት መስመር መታየት አለበት። ካልታየ ሞተሩን አጥፉ፣ ባሩን አውርዱና ያቺን ትንሽ የዘይት ቀዳዳ እንደገና ክፈቱ፤ ስትጠርጉ የገባ ሰጋቱራ ደፍኗት ይሆናል።